ጥጃ አሳዳጊና ላም ወሳጅ

ሴፕቴምበር 7 ቀን 2024 ኦሃዮ ውስጥ (ቀኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአሜሪካ ፉትቦል (ኳሱ በእጅ በሚያዝበትና በሚጋጩበት ጨዋታ) በገዛ ሜዳው በሴንት ፍራንሲስ 23 ለ 17 ተሸነፈ። ሴንት ፍራንሲስ ከፔንስልቬንያ የመጣ ትንሽ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በፉትቦል ደረጃም ከኬንት ስቴት አንድ እርከን ዝቅ ይላል። በሳምንቱ ኬንት ስቴት ቴነሲ ሄደ። ለእረፍት ሲወጡ 65 ለ 0፣ ሲያልቅ 71 ለ 0። በሦስተኛው ሳምንት ፔን ስቴት 56 ለ 0 ሸኘው። ዓመቱን 12 ተጫውቶ 12ቱንም ተሸንፎ ዘጋ። እስከዚህ ያለው የደካማ ቡድን የተለመደ ወሬ ነው። የሚገርመው የአሸናፊው ነገር ነው። ሴንት ፍራንሲስ በማርች 2025 ከዲቪዥን አንድ ለቆ፣ ለስፖርት ተብሎ ስኮላርሺፕ ወደማይሰጥበት ዲቪዥን ሦስት እንደሚወርድ አስታወቀ። ካነሳቸው ምክንያቶች መካከል የዝውውር ፖርታሉ (ዩኒቨርሲቲ መቀየር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙ የሚገባበት መዝገብ) እና የተጫዋች ክፍያው ነበሩበት። 12 ጊዜ የተሸነፈው ሲቀር ያሸነፈው ሸሸ።

አሜሪካ የቆየ ሐበሻ ስለ ኮሌጅ ፉትቦል የሚሰጠው ፍርድ አጭር ነው፤ «ገንዘብ ገባበትና ተበላሸ» ይላል። ግማሹ ልክ ነው። ገንዘቡ ግን ዱሮም ነበረ፤ ለአሰልጣኝ፣ ለስታዲየም ግንባታ፣ ለአስተዳዳሪ ደሞዝ ይወጣ ነበር። አዲሱ ነገር ለሚጋጨው ልጅም መድረሱ ነው፤ ያ ደግሞ የዘገየ ፍትሕ እንጂ ብልሽት አይባልም። ደካማውን ቡድን የሚያደርቀው ሌላ ነው። አሜሪካኖቹ ደሞዙን ከፕሮፌሽናል ስፖርት ሲቀዱ፣ ተጫዋች ሲሄድ ላሳደገው ቡድን የሚከፈለውን ዋጋ ረስተውት መጡ።

ነገሩ የተገነባው በአራት ዓመት ውስጥ ነው። በጁን 2021 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በአልስተን ጉዳይ በሙሉ ድምፅ በኤንሲኤኤ፣ ማለትም በኮሌጅ ስፖርት የበላይ ማኅበር ላይ ፈረደ። ጁላይ 1 ቀን ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲሠሩ ተፈቀደ፤ ኤን አይ ኤል የሚሉት ይኸው ነው። በዚያው ዓመት ተጫዋች አንድ ጊዜ ያለ ቅጣት ዩኒቨርሲቲ መቀየር ቻለ። ቀድሞ የቀየረ አንድ ዓመት ቁጭ ብሎ ነበር የሚያሳልፈው። በ2024 «አንድ ጊዜ» የሚለው ገደብም ተነሣ፤ ትምህርቱን እስካላበላሸ ድረስ በየዓመቱ መሄድ ይችላል። በጁን 2025 ደግሞ ዳኛ ክላውዲያ ዊልከን የሃውስ ስምምነት የተባለውን አጸደቁና ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጥታ መክፈል ጀመረ። የመጀመሪያው ዓመት ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ነው። ብዙዎቹ ትልልቆች ሦስት አራተኛውን ለፉትቦል ይመድባሉ፤ ይህም ለ105 ልጅ 15 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል።

ለማመዛዘን ያህል፣ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በ2020 ከዲኤስቲቪ ጋር የተፈራረመው የአምስት ዓመት የስርጭት ውል 68 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ተብሎ ተነግሮለት ነበር። ለዓመት ሲካፈል 13.6 ሚሊዮን ይሆናል። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ለተማሪዎቹ በዓመት እንዲከፍል የተፈቀደለት ገንዘብ የአንድ አገር ሊግ ሙሉ የቴሌቪዥን ገቢ ይበልጣል።

ታዲያ 20.5 ሚሊዮኑ ጣሪያ እንጂ ወለል አይደለም። ኬንት ስቴትን የመሰለ ዩኒቨርሲቲ አንገቱን ቀና አድርጎ ያየዋል እንጂ አይነካውም። ከዚህ ሌላ ስምምነቱ ቀድሞ ሳይከፈላቸው ለተጫወቱ 2.8 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በአሥር ዓመት እንዲከፈል ያዛል። የዚህ ትልቁ ክፍል የሚወጣው ኤንሲኤኤ በየዓመቱ ለዩኒቨርሲቲዎች ከሚያከፋፍለው ላይ ተቀንሶ ነው፤ የሚቀነሰውም ፉትቦል ከሌላቸው ትንንሾች ጭምር። ድግሱን ያልቀመሰውም ከዕዳው ተካፈለ።

ፖርታሉ እንዴት ይሠራል? ተጫዋቹ ኮምፕሊያንስ ለሚባለው የደንብ ቢሮ «ስሜን አስገቡልኝ» ብሎ በጽሑፍ ያሳውቃል። ቢሮው በሁለት የሥራ ቀን ውስጥ ስሙን ማስገባት ግዴታው ነው፤ አሰልጣኙ እምቢ ማለት አይችልም። ከዚያ በኋላ የማንኛውም ዩኒቨርሲቲ አሰልጣኝ ሊደውልለት ይፈቀዳል። በደንቡ ከዚያ በፊት መደወል ክልክል ነው፤ በተግባር ግን ደላላው ቀድሞ ዋጋውን ጠይቆ ጨርሷል። ቀድሞ በሩ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በዲሴምበርና በኤፕሪል ይከፈት ነበር። ለ2026 ከጃንዋሪ 2 እስከ 16 ወደ አንድ ጊዜ ጠቧል። አሰልጣኝ ሲቀየር ግን ለዚያ ቡድን ልጆች ሌላ 15 ቀን ይከፈታል፤ ለደካማ ቡድን ትልቁ ቀዳዳ ይህ ነው፤ ደካማ ቡድን አሰልጣኝ ቶሎ ቶሎ ይቀይራልና።

ጉዳቱ በሁሉም ቦታ እኩል አይደለም። ፈጣን ሯጭ ወይም ኳስ ቀላቢ ቢሄድ ሌላ ይገኛል። ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሱን የሚወረውረውን መሪ ተጫዋች የሚከልሉት አምስቱ ግዙፎች ግን እንደዚያ አይደሉም። የ18 ዓመት ልጅ 115 ኪሎ ሆኖ ይመጣል፤ 135 ኪሎ አካባቢ ደርሶ እግሩ ሳይከብድ እንዲንቀሳቀስ ሁለት ዓመት መቀለብ፣ ብረት ማስነሳት፣ ከጎኑ ካለው ልጅ ጋር በአንድ ድምፅ መንቀሳቀስን ማለማመድ ይጠይቃል። በሦስተኛው ዓመት ጥሩ ሲሆን ትልቁ ዩኒቨርሲቲ ቪዲዮውን አይቶ ይወስደዋል። አሳዳጊው ስንት ያገኛል? ምንም። ጥጃውን ሁለት ክረምት አብልቶ፣ ላሟ ልትታለብ ስትል በነጻ መሸኘት ነው። ስለዚህ ብዙ ድሃ ቡድኖች ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያመጡትን ልጅ ቀንሰው ከላይ የተገፋውን መልቀም ጀምረዋል። በየዓመቱ ግማሹ አዲስ በሆነ ቡድን ውስጥ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ አራት ጨዋታዎች መተዋወቂያ ሆነው ያልቃሉ። እነዚያ ሳምንታት ደግሞ ከትልልቆቹ ጋር የሚገጠምባቸው ናቸው።

ለምን ይገጠማሉ ለሚል፣ ለገንዘብ ነው። በ2024 ኖተርዳም ኖርዘርን ኢሊኖይን ሜዳው ድረስ ጠርቶ ለማስተናገድ 1.4 ሚሊዮን ዶላር ከፍሏል። ያን ቀን ተከፋዩ 16 ለ 14 አሸንፎ ሄደ፤ ኖተርዳምም ከዚያ ተነሥቶ ለዓመቱ ዋንጫ ፍጻሜ ደረሰ። እንዲህ ያለው በብዙ ዓመት አንዴ ነው። የተለመደው 71 ለ 0 ነው፤ ቼኩ የሌሎቹን ስፖርቶች ወጪ ይሸፍናል፣ የቆሰለው ልጅ ለኮንፈረንስ (ቡድኑ ለሚወዳደርበት ምድብ) ጨዋታ አይደርስም፣ በሽንፈቱ መካከል ጎልቶ የታየውም ልጅ ለትልቁ ቡድን ራሱን በነጻ አስተዋውቋል።

አገር ቤት ያለው ሥርዓት በዚህ በኩል ይሻላል ብሎ መናገር የሚከብድ ይመስላል፤ ግን ሕጉ ይሻላል። በፊፋ ደንብ ከ12 እስከ 21 ዓመቱ ያሠለጠነ ክለብ፣ ልጁ እስከ 23 ዓመቱ ድረስ ወደ ሌላ አገር ክለብ ሲዛወር የማሠልጠኛ ካሳ ይጠይቃል። በውል ላይ እያለ በዋጋ ሲሸጥም ከዋጋው 5 በመቶ ላሳደጉት ክለቦች ይከፋፈላል። በተግባር ግን የእኛ ክለቦች በአንድና በሁለት ዓመት ውል ያስፈርማሉ፤ ክረምት ሲመጣ ልጁ ነጻ ነው፤ በፊርማ ክፍያ ወደ ጎረቤት ክለብ ያልፋል። መብቱ በወረቀት አለ፣ አጭሩ ውል ይበላዋል። ፌዴሬሽኑ በ2019 የወር ደሞዝ ከ50,000 ብር እንዳይበልጥ ሲወስን የነካው ደሞዙን ነው፤ የውሉን ዕድሜ አልነካም። አሜሪካኖቹም በሃውስ ስምምነት የሠሩት ይህንኑ ነው፤ ጣሪያ አበጁ፣ በሩን ክፍት ተዉት።

የማይዘጉትም ስላልፈለጉ አይደለም። ተጫዋቹ በሕግ ተቀጣሪ አይደለም፤ ስለዚህ ማኅበር የለውም፣ የኅብረት ስምምነትም የለም። የኅብረት ስምምነት በሌለበት ዩኒቨርሲቲዎች ተስማምተው መንቀሳቀሱን ቢገድቡ የፀረ ሞኖፖል ሕግን መጣስ ይሆናል፤ ከሳሽም ሁልጊዜ ዝግጁ ነው። የፕሮፌሽናሉ ፉትቦል ሊግ ኤንኤፍኤል የደሞዝ ጣሪያውን ያለ ክስ የሚይዘው ከተጫዋቾች ማኅበር ጋር ስለፈረመ ነው። በአንጻሩ አሰልጣኙ በውል የታሰረ ነው፤ ሲሄድ የሚወስደው ዩኒቨርሲቲ አብዛኛውን ጊዜ የመውጫ ክፍያ ለቀድሞው ይከፍላል። ከእሱ ጋር የሚሄዱት ልጆች ግን እንደ ጓዝ ተቆጥረው ያልፋሉ።

ማርሻል ዩኒቨርሲቲ የደረሰበትን ማየት ይበቃል። ዲሴምበር 7 ቀን 2024 የሰን ቤልት ኮንፈረንስን ዋንጫ 31 ለ 3 አሸንፎ ወሰደ። አሰልጣኙ ቻርልስ ሃፍ ወዲያው ወደ ሰዘርን ሚሲሲፒ ሄዱ፤ በዚያ ዓመት 1 አሸንፎ 11 ወደተሸነፈ ቡድን መሆኑ ነው። ከሁለት ደርዘን በላይ ተጫዋቾች ፖርታል ገቡ። ማርሻል ከአርሚ ጋር የነበረውን የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታ የሚያሰልፈው ሰው አጥቶ ራሱን አገለለ፤ ቦታውን ሉዊዚያና ቴክ ያዘ። ዋንጫ በወሰደ በሳምንቱ ነው እንግዲህ።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ደካማ ቡድን አበቃለት» የሚል ሰው ኢንዲያና ላይ ይወድቃል። በ2023 ኢንዲያና 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ፤ በሽንፈት ብዛትም በታሪክ ከሁሉም የባሰ ነበር። አሰልጣኝ ከርት ሲግኔቲን ቨርጂኒያ ካለው ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ አመጣ፤ 13 ተጫዋቾችም ተከትለዋቸው መጡ። በ2024 ቡድኑ 11 አሸንፎ 2 ብቻ ተሸነፈ። በ2025 ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረውን ኳርተርባክ ፈርናንዶ ሜንዶዛን ይዞ 16 ተጫውቶ 16ቱንም አሸነፈ፤ ጃንዋሪ 19 ቀን 2026 ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ የአገሪቱን ዋንጫ ወሰደ። እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ደካማ መለየት ያስፈልጋል። ኢንዲያና ከሀብታሞቹ ኮንፈረንሶች አንዱ የሆነው የቢግ ቴን አባል ነው፤ የቴሌቪዥን ገንዘቡ ሲሸነፍም ይገባለት ነበር። ሰነፍ ነበር፣ ድሃ አልነበረም። አዲሱ ሥርዓት ለሰነፍ ሀብታም መሰላል ሆነለት፤ ለትጉህ ድሃ ግን ሌላው ሊወጣበት የሚቆምበት ትከሻ ሁን አለው።

ጄምስ ማዲሰን በበኩሉ አልሞተም። እንደገና ሠርቶ በ2025 ለአገሪቱ ዋንጫ ለሚደረገው የ12 ቡድኖች ውድድር በቃ፤ ኦሬገን 51 ለ 34 አሸነፈው፤ አሰልጣኙን ደግሞ ዩሲኤልኤ ወሰዳቸው። የሚከፍለው ማን ነው? ቨርጂኒያ ውስጥ ልጅ ያስተማረ ሐበሻ የክፍያ ቢሉን ገልጦ ይየው። የጄምስ ማዲሰን ተማሪ፣ ስታዲየም ረግጦ የማያውቀው ጭምር፣ ከክፍያው ውስጥ በዓመት ከ2,000 ዶላር በላይ ለስፖርት ክፍል ይሰጣል። የኢትዮጵያ ክለቦች በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ድርጅት በጀት እንደሚኖሩት ማለት ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ክፍያው በደረሰኝ ላይ መጻፉ ነው።

ልጁ ራሱ ለሚጫወት ወላጅ ጥቂት ነገር። ገንዘቡ በአብዛኛው በቅጽ 1099 ነው የሚመጣው፤ ኡበር ነድቶ የሚያውቅ አባት ይረዳዋል። ታክስ አይቆረጥበትም፤ ከገቢ ታክሱ ሌላ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ አለ፤ በኤፕሪል፣ በጁን፣ በሴፕቴምበርና በጃንዋሪ እየከፋፈሉ መክፈል ይገባል። ከመጣው ላይ ሲሶውን ወዲያው ለይቶ ማስቀመጥ ነው። ገቢው በፋፍሳ፣ ማለትም በመንግሥት የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ ስለሚቆጠር በኋላ የሚመጣ ዓመት እርዳታን ሊቀንስ ይችላል። በኤፍ-1 (የተማሪ) ቪዛ ለሩጫ የመጣ ልጅ የሥራ ፈቃዱን ጉዳይ ከስደት ጠበቃ ጋር ሳይነጋገር ምንም ባይፈርም ይሻላል። ከውሉ ላይ መነበብ ያለበት አንቀጽ አሰልጣኙ ቢሄድ ወይም ልጁ ቢጎዳ ክፍያው ይቀጥላል ወይ የሚለው ነው። ፖርታል ከመግባቱ በፊት ደግሞ የሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ ስንት ክሬዲት እንደሚይዝለት በጽሑፍ ይጠይቅ፤ ስሙ አንዴ ከገባ የነበረበት ዩኒቨርሲቲ የሚቀጥለውን ሴሚስተር ስኮላርሺፕ ሊነሳው ይችላል፤ በሩ የሚዘጋው ደግሞ ለመግቢያ እንጂ ወስዶ ለሚያስፈርም ቡድን አይደለም፤ ቡድን ሳያገኝ ፌብሩዋሪ የሚደርስበት ልጅ ጥቂት አይደለም።