ማስተካከያ፦ የቁጥር ዓምድን ስለ መደርደር

ስለ ዳታ ሠንጠረዥ አሠራር ቀደም ሲል በወጣው ማብራሪያ «የጃቫስክሪፕት ሶርት ፈንክሽን ማንኛውንም ዓምድ በትክክል ይደረድራል» ተብሏል። ለቁጥር ይህ አይሠራም።

ሶርት መመሪያ ካልተሰጠው እያንዳንዱን ዋጋ ወደ ጽሑፍ ቀይሮ ነው የሚያወዳድረው። 9፣ 80 እና 700 ያሉበትን ዓምድ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድር ቢሉት 700፣ 80፣ 9 ብሎ ቁጭ ያደርገዋል። የሚያወዳድረው ከመጀመሪያዋ ዲጂት ጀምሮ አንድ በአንድ ነዋ! ክፋቱ ደግሞ ኮንሶሉ (ብራውዘሩ የኮድ ስህተት የሚያሳይበት መስኮት) ላይ ምንም ስህተት አይወጣም። በመሞከሪያ ዳታው ያሉት ቁጥሮች ሁሉ ባለ ሁለት ዲጂት ከሆኑማ ውጤቱ ልክ ስለሚመስል ማንም ሳያየው ያልፋል።

ስለዚህ ለሶርት ማወዳደሪያ ፈንክሽን ስጡት። ፈንክሽኑ የመጀመሪያውን ቁጥር ከሁለተኛው ላይ ሳይሆን፣ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ላይ ይቀንስ። ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ የመጀመሪያው ይቀድማል። ዋጋውን ከሠንጠረዡ ሴል የምታነቡ ከሆነ ግን ጠንቀቅ በሉ። «1,200» ላይ ያለችው ኮማ ካልወጣች መቀነሱ ቁጥር ያልሆነ ነገር ይመልስና ድርድሩ ይዘበራረቃል።

«መጀመሪያ ወደ ገጽ መከፋፈል፣ ከዚያ መደርደር» የሚለውም ይስተካከል። ማጣራት ይቀድማል፣ መደርደር ይከተላል፣ መከፋፈል መጨረሻ ነው። አለዚያ የሚደረደሩት ስክሪኑ ላይ ያሉት ረድፎች ብቻ ናቸው። ዳታው ከሰርቨር በየገጹ የሚመጣ ከሆነ ማጣራቱንም መደርደሩንም ሰርቨሩ ይሥራው።