ስክሪኑ ጠፍቶ ይሞከር፤ ርክክቡ ከዚያ ይፈረም

አንድ የኦንላይን ፎርም አፕግሬድ ከተደረገ በኋላ ዓይነ ስውር ሰው ሊሞላው ካልቻለ ሥራው አላለቀም። ሐዋሳ ውስጥ ሲስተም የሚያሠሩ መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ድርጅቶች ይህን ከርክክብ መስፈርቶቻቸው አንዱ ሊያደርጉት ይገባል። የደንበኞች መዝገብ ጠፍቶበት የመጣ ሲስተም ማንም ፈርሞ አይረከብም። ደንበኞቹ ራሳቸው የማይገቡበትን ሲስተም ግን ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ ስላይድ አይቶ፣ አጨብጭቦ ይረከባል።

አገልግሎት ወደ ኦንላይን መዞሩ መልካም ነው። ከሐይቅ ዳር ወይም ከታቦር ክፍለ ከተማ ባጃጅ ይዞ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ የትኛው መስኮት እንደሆነ እየጠየቀ ወረፋ ይጠብቅ የነበረ ዓይነ ስውር ቤቱ ቁጭ ብሎ ማመልከት ከቻለ ከማንም በላይ ተጠቃሚው እሱ ነው። ትናንት እንደዚያ ይሞላው የነበረው ፎርም በአፕግሬዱ ማግሥት ሲዘጋበት ደግሞ ከማንም በላይ የሚጎዳው እሱ ነው።

ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት ስክሪን ሪደር፣ ማለትም ገጹን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራም፣ እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙዎቻችን ኮምፒውተር ላይ የምናገኘው ኤንቪዲኤ የተባለው ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. አውስትራሊያ ውስጥ የተጀመረ፣ ዓይነ ስውራን ፕሮግራመሮች የሠሩት፣ በነፃ የሚወርድ ፕሮግራም ነው። አንድሮይድ ስልክ ላይ ደግሞ ቶክባክ አለ። ሁለቱም ገጹ ያማረ ይሁን አይሁን አያውቁም። የሚያነቡት ከጀርባ ያለውን ኮድ ነው፤ ስለ እያንዳንዱ መሙያም ሦስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ስምህ ማን ነው? ምንድን ነህ? አሁን በምን ሁኔታ ላይ ነህ? በደንብ የተሠራ ፎርም «የአባት ስም፣ መጻፊያ፣ ግዴታ፣ ባዶ» ብሎ ይመልሳል።

አፕግሬድ መጀመሪያ የሚሰብረው ይህን ስም ነው። ድረ ገጽ በሚጻፍበት ኮድ፣ በኤችቲኤምኤል፣ «የአባት ስም» የሚለው ጽሑፍ፣ ማለትም ሌብሉ፣ ከመጻፊያ ሳጥኑ ጋር የሚገናኘው በአይዲ፣ ማለትም በኮዱ ውስጥ በተሰጠው መለያ፣ ነው። ሌብሉ የሚጠራው አይዲና ሳጥኑ ላይ ያለው አይዲ አንድ መሆን አለባቸው። አዳዲሶቹ የፎርም መሥሪያዎች ለሳጥኖቹ በራሳቸው ጊዜ አዲስ አይዲ ያወጣሉ፤ ሌብሉ ግን ከድሮው ገጽ ተገልብጦ የድሮውን አይዲ እየጠራ ይቀራል። ለሚያይ ሰው ጽሑፉ ከሳጥኑ በላይ ስለተቀመጠ ምንም አልጎደለም። በጆሮ የሚሞላው ሰው የሚሰማው ግን «ኤዲት፣ ብላንክ። ኤዲት፣ ብላንክ። ኤዲት፣ ብላንክ» ነው። የእኛ ፎርም ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ብሎ ሦስት ተመሳሳይ ሳጥን ይደረድራል። የትኛው የቱ እንደሆነ በግምት ይሞላል። አንዱ ከተዛነፈ ስሙ ከመታወቂያው ጋር አይገጥምም፤ ማመልከቻው ይወድቃል፤ ምክንያቱንም የሚነግረው የለም።

ይህን ለመፈተሽ ስክሪን ሪደር እንኳን አያስፈልግም። በማውስ «የአባት ስም» የሚለውን ጽሑፍ ራሱን ጠቅ ማድረግ ነው። ጠቋሚው ዘሎ ሳጥኑ ውስጥ ከገባ ተገናኝተዋል። ካልገባ ግንኙነቱ ብዙውን ጊዜ ተበጥሷል ማለት ነው። ማንኛውም የኮሚቴ አባል በአምስት ሰከንድ የሚያደርገው ነገር ነው።

አንዳንድ ሠሪዎች ደግሞ ሌብሉን ጨርሰው አውጥተው ሳጥኑ ውስጥ በደብዛዛ ቀለም «ምሳሌ፦ 0911…» ብለው ይጽፋሉ። መጻፍ ሲጀመር ይጠፋል። ስክሪን ሪደሩም ሌላ ስም ሲያጣ ምሳሌውን እንደ ስም ያነበዋል። ይህ የማያየውን ብቻ ሳይሆን የሚረሳውንም ሰው ችላ ማለት ነው።

የትውልድ ቀን ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። የድሮው ፎርም ቀን፣ ወር፣ ዓመት የሚል ሦስት ቀላል ሳጥን ነበረው። አዲሱ የሚያምር ካሌንደር ይከፍታል፤ ቀኖቹ የተሠሩት ግን በእውነተኛ ቁልፍ ሳይሆን በባዶ ዲቭ፣ ማለትም በራሱ ምንም ሥራ በሌለው የገጽ ክፍልፋይ፣ ነው። ስለዚህ በታብ አይደረስባቸውም፤ በኢንተርም አይመረጡም። ቢደረስባቸውም እንኳ «12» ብሎ ያነባል እንጂ የየትኛው ወር 12 እንደሆነ አይናገርም። ወደ ኋላ የሚወስደው ቀስት በወር በወር ከሆነ የ30 ዓመት ሰው የትውልድ ወሩ ላይ ለመድረስ በፈረንጆቹ አቆጣጠር 360 ጊዜ፣ በእኛ 13 ወር ደግሞ 390 ጊዜ መጫን አለበት። በዚያ ላይ አቆጣጠሩ የቱ እንደሆነ ብዙውን ጊዜ የሚታወቀው ካሌንደሩን አይቶ ነው። መፍትሔው ሦስቱን ሳጥን መመለስ፣ ወሩን ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ያለው እውነተኛ መምረጫ ማድረግና ሌብሉ ላይ «የትውልድ ቀን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር» ብሎ መጻፍ ነው። ካሌንደሩን የሚወድ ካለ አጠገቡ ይቀመጥለት።

ክፍለ ከተማና ቀበሌ የሚመረጥባቸው ዝርዝሮችም በዚሁ መንገድ ይበላሻሉ። የብራውዘሩ የራሱ መምረጫ በቀስት ይወርዳል፤ የመጀመሪያውን ፊደል ሲጽፉለትም ይዘላል። ለውበት ሲባል በዲቭ የተሠራው ይህን ሁሉ ያጣል፤ ሠሪው አንድ በአንድ በኮድ ካልመለሰለት በቀር። ኮድ ለሚጽፉት የምለው፦ አሪያ የሚባለውን፣ ኮድ ውስጥ ለስክሪን ሪደር የሚጻፈውን ማብራሪያ ከመለጠፋችሁ በፊት ብራውዘሩ ያለውን ተጠቀሙ። በስህተት የተለጠፈ አሪያ ጨርሶ ካለመኖሩ የባሰ ያሳስታል።

ከዚያ «ላክ» የሚለው ይጫናል። ጸጥ። ገጹ አናት ላይ «በቀይ የተመለከቱትን ያስተካክሉ» የሚል ጽሑፍ ወጥቷል፤ ስክሪን ሪደሩ ግን አሁንም ቁልፉ ላይ ነው። ሰውየው የተላከ መስሎት ይወጣል። የማመልከቻው ቀን ያልፋል። ከሁሉም ጉድለቶች የሚከፋብኝ ይህ ነው፤ ሌላው ያደክማል፣ ይህ ግን ሰው ሳያውቀው ዕድሉን ይወስድበታል። ማስተካከያው ቀላል ነው። ስህተት ሲገኝ ጠቋሚው ወደ መጀመሪያው የተሳሳተ ሳጥን ይሂድ፤ ሳጥኑ በኮድ «የተሳሳተ» ተብሎ ምልክት ይደረግበት፤ የስህተቱ ጽሑፍም ከሳጥኑ ጋር ይታሰርና አብሮ ይነበብ። ጽሑፉም «ልክ ያልሆነ» ብሎ አይቁም። «ስልክ ቁጥሩ 10 አሃዝ መሆን አለበት፤ 9 ገብቷል» ይበል።

በስልክ የሚላከው የማረጋገጫ ቁጥርም አለ። በጆሮ የሚሠራ ሰው ከፎርሙ ወጥቶ፣ መልእክቱን ከፍቶ፣ ስድስቱን አሃዝ አዳምጦና ይዞ እስኪመለስ የተሰጠው 60 ሰከንድ ያልቃል። ሲመለስ ደግሞ ስድስት የተለያየ ሳጥን ይጠብቀዋል፤ ጠቋሚው ከአንዱ ወደ ሌላው በራሱ እየዘለለ ያደናግረዋል። አንድ ሳጥን ይበቃል፤ ኮፒና ፔስትም አይከልከል። የድረ ገጽ ተደራሽነት ዓለም አቀፍ መመሪያ በ2023 እ.ኤ.አ. በወጣው 2.2 እትሙም እንደ ቀድሞው የጊዜ ገደብን ይመለከታል። ከሚፈቅዳቸው መንገዶች አንዱ ጊዜው ከማለቁ በፊት ማስጠንቀቅና በቀላል ተግባር እንዲራዘም ቢያንስ 20 ሰከንድ መስጠት ነው። የተጣመመ ፊደል አንብቡ የሚለው ምስል ግን ሌላ አማራጭ ሳይኖረው ከቀረበ በሩን ቆልፎታል።

ሌላ ትንሽ መስመር፦ አዲሱ ገጽ የተሠራበት ቴምፕሌት ቋንቋውን እንግሊዝኛ ብሎ ይመጣል፤ የሚቀይረው የለም። ኤንቪዲኤ ውስጥ ያለው ኢስፒክ የተባለው የድምፅ ማንበቢያ አማርኛ ማንበብ ይችላል፤ ገጹ «እንግሊዝኛ ነኝ» ሲለው ግን ንባቡ ትርጉም ያጣል። የሚስተካከለው የገጹ ኮድ አናት ላይ ባለ አንድ ቃል ነው።

«ሠራተኞቻችን ያግዟቸዋል፤ በአካል ይምጡ» የሚል መልስ እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቅንነቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን እገዛ ማለት እዚህ ላይ ምን ማለት እንደሆነ እንይ። ሰውየው ኢንተርኔት ቤት ገብቶ የይለፍ ቃሉን፣ የመታወቂያ ቁጥሩን፣ የስልኩን ማረጋገጫ ቁጥር ለማያውቀው ልጅ ጮክ ብሎ ይናገራል ማለት ነው፤ ከኋላው ሰው ተሰልፎ። ምሥጢር ቁጥራችሁን ለማንም አትስጡ እያልን በምናስተምርበት አገር ይህን ዓይነ ስውሩ ላይ ግዴታ ማድረግ ተገቢ አይደለም። ሕጉም አይደግፈውም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የኮንቬንሽኑ አንቀጽ 9 ተደራሽነት ሲል ሕንፃና መንገድን ብቻ ሳይሆን የመረጃና የመገናኛ ቴክኖሎጂንም በስም ይጠቅሳል። የጸደቀ ስምምነት የአገሪቱ ሕግ አካል መሆኑን ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9 ላይ ደንግጓል።

ፕሮግራመሩን ብቻ መውቀስ አያዋጣም። የጨረታ ሰነዱ ላይ ስለ ስክሪን ሪደር አንድ መስመር ከሌለ ተጫራቹ ዋጋ ውስጥ አያስገባውም። መስመሩ እንዲህ ሊጻፍ ይችላል፦ «እያንዳንዱ ፎርም ከመጀመሪያው ገጽ እስከ ማረጋገጫው ድረስ በኪቦርድና በኤንቪዲኤ፣ እንዲሁም በስልክ ላይ በቶክባክ ተሞልቶ ይረጋገጣል፤ የመጨረሻው ክፍያ ከዚህ በኋላ ይፈጸማል።»

ሙከራው ለአንድ ፎርም ከግማሽ ቀን አያልፍም። አፕግሬዱ ከመጀመሩ በፊት አሮጌው ፎርም በኤንቪዲኤ ምን ምን እንደሚል ሳጥን በሳጥን ይጻፍ፤ አዲሱ የሚወዳደረው ከዚያ ጋር ነው። በርክክቡ ቀን ማውሱ ይነቀል፤ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኢስኬፕ አንድ ላይ ተጭነው ስክሪኑ ይጥቆር። ኤንቪዲኤ ይህን ራሱ ያደርገዋል። ኢንሰርትና ኤፍ 7 ሲጫኑ የገጹ ነገሮች ዝርዝር ይከፈታል፤ የፎርም መሙያዎች የሚለው ሲመረጥ ስም የሌለው ሳጥን እዚያው ይጋለጣል። ቀጥሎ በኤፍ ቁልፍ ከሳጥን ሳጥን እየተዘለለ ሁሉም ይሞላ። ስልክ ቁጥሩ ሆን ተብሎ አንድ አሃዝ ይጉደልና ይላክ፤ የሚሰማው ይመዝገብ። ሙከራውን የሚሠራው ሰው ዕለት ዕለት በስክሪን ሪደር የሚጠቀም ዓይነ ስውር ይሁን። ከሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ የተመረቁ አሉ። የሙያ ሥራ ስለሆነም እንደማንኛውም አማካሪ ይከፈላቸው። አዲሱ ፎርም እስኪያልፍ ድረስ አሮጌው አይዘጋ፤ ሊንኩም ከአዲሱ ገጽ አናት ላይ፣ ስክሪን ሪደር መጀመሪያ የሚያገኘው ቦታ ላይ ይቀመጥ።