«ተወስኗል»፤ ማን ወሰነ?

ባለፈው ሐሙስ ማታ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት የወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አንድ ማስታወቂያ ተለቀቀ። «ተማሪዎች ከመማሪያ መጽሐፍ ውጭ ጋዜጣና መሰል የሕትመት ውጤቶችን ይዘው ወደ ክፍል እንዳይገቡ ተወስኗል» ይላል። ነገሩ የተነሣው የስምንተኛ ክፍል የአማርኛ መምህር ዓርብ ዓርብ ጋዜጣ ይዞ እየገባ ስለሚያስተምር ነው። አንድ አባት «ይኼ ፖለቲካ ነው» ብለው ከሰሱ። ሌሎች ተከተሉ። ከዚያ አንዲት እናት የጻፉትን ሳነብ እንቅልፌ ሄደ። «ይህን ሁሉ ብር የምከፍለው ልጄ የስኳር መጠቅለያ እንዲያነብ አይደለም።»

አሥራ ስድስት ሰው አውራ ጣቱን ቀሰረላቸው።

እንግዲህ ከስኳሩ ልጀምር። እኔ ማንበብ የለመድኩት ከስኳር መጠቅለያ፣ ከአሮጌ ጋዜጣ ነው። የጭቃ ቤታችን ግድግዳ ዙሪያውን በአዲስ ዘመን ጋዜጣ የተለበጠ ነበር። እናቴ ፊደል ስላልቆጠረች ግማሹን ገልብጣ ነው የለጠፈችው። በዚህ የተነሣ የተዘቀዘቀ ጽሑፍ እስከ ዛሬ ያለ ችግር አነባለሁ። (አለቆቼ ጠረጴዛ ፊት ስቆም በጣም ጠቅሞኛል።) ቆሎ የተጠቀለለበትን ቁራጭ ደግሞ ቆሎው ሲያልቅ ዘርግቼ አነበው ነበር። ወሬው ሁልጊዜ የሚያልቀው ወረቀቱ የተቀደደበት ቦታ ላይ ነው። ቀሪውን ራሴ እጨርሰዋለሁ። እኚህ እናት የሚከፍሉት ብር ለልጃቸው እንዲህ ያለ ትምህርት ገዝቶላቸው ከሆነ ይንገሩኝ።

አሁን ወደ ማስታወቂያው። «ተወስኗል» ይላል። ማን ወሰነ? ግሩፑ ላይ ጠየቅሁ። የሚያስተዳድሩት ሰውዬ «ወንድሜ፣ ተወስኗል እኮ ነው የሚለው» አሉኝ።

የሚገርመው መምህሩ ሲያስተምር የነበረው ይህንኑ ነው። ልጄ እንደነገረችኝ የመጀመሪያው ዓርብ ላይ ለየሁለት ልጅ አንድ ገጽ ጋዜጣ ታደለ። እርሳስ ይዛችሁ «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ተባለ»፣ «ተመለከተ» የሚል ባያችሁ ቁጥር አስምሩበት ተባሉ። ገጹ በመስመር ተሞላ። ቀጥሎ ከእያንዳንዱ ጎን «ማን?» ብላችሁ ጻፉ። የገለጸው ሰው ስሙ ከታች ካለ በመስመር አገናኙት፤ ከሌለ ባዶውን ተዉት። ልጄ አሥራ አንድ ጊዜ «ማን?» ብላ ጽፋ መልስ ያገኘችው ለአራቱ ብቻ ነው።

አድራጊና ተደራጊ ግስ መማሪያ መጽሐፍ ውስጥም አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ። ሁላችንም ተምረነዋል። አበበ በሶ በላ። በሶ በአበበ ተበላ። ሸምድደን፣ ፈተና ላይ ጽፈን፣ ረሳነው። ምን ያደርግልናል? በሶውን ማን እንደበላው አስቀድሞ ይታወቃላ! ጋዜጣ ላይ ግን በሶው ይበላል፣ አበበ የለም። ልጅ አበበን መፈለግ የሚጀምረው እዚያ ነው። ይህን የለመደ ልጅ ነገ ደብዳቤ ሲደርሰው፣ ውል ሲፈርም፣ ከቀበሌ «መመሪያ ወጥቷል» ሲባል የመጀመሪያ ጥያቄው ምን እንደሚሆን አስቡት። እኔ አርባ ዓመት አልፎኝ ነው የለመድኩት። እሷ በአሥራ አራት ዓመቷ፣ በአንድ ክፍለ ጊዜ ያዘችው።

ሁለተኛው ዓርብ ይብሳል። የነዳጅ ዋጋ ላይ የተጻፉ ሁለት ዜናዎች ጎን ለጎን ቀረቡ። አንደኛው «የዋጋ ማስተካከያ ተደረገ» ይላል። ሌላው «ዋጋ ጨመረ»። ቁጥሩ አንድ ነው፣ ቀኑ አንድ ነው። አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ «ማስተካከያ ከሆነ፣ በፊት ጠማማ ነበር ማለት ነው?» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ለእኔ የዓመቱ ምርጥ የአማርኛ ትምህርት ይህ ነው። ይኸው ሳቅ ነው ቤት ደርሶ «ፖለቲካ» የተባለው።

ፖለቲካ ነው? ሰዋስው ነው! ቃል መምረጥ ምን እንደሚሠራ ማሳየት ፖለቲካ ከሆነ የአማርኛ ክፍለ ጊዜውን ራሱን ዝጉት። ደግሞስ ለልጆቹ ስልክ የገዛችሁላቸው እናንተ አይደላችሁም? ቲክቶክ ላይ ሌሊቱን የሚያዩት ስለ ችግኝ ተከላ ነው? እዚያ ያለው ወሬ ቀን የለው፣ ጸሐፊ የለው። ጋዜጣ ቀን አለው፣ አዘጋጅ አለው፣ አድራሻ አለው፣ ሲሳሳት የሚከሰስ ሰው አለው። ልጄ ከሁለቱ በአንዱ መለማመዷ ካልቀረ እኔ በጋዜጣው ቢሆን እመርጣለሁ። እናንተ ስልኩን መርጣችኋል፤ ያውም በብድር ገዝታችሁ።

«ጋዜጣ ስህተት ይበዛዋል» ያሉም አሉ። ልክ ናቸው፣ ይበዛዋል። ታዲያ ቀይ እስክሪብቶ ስጧቸውና ያርሙት። ቀይ እስክሪብቶ የመምህር ብቻ ነው ያለው ማነው?

የአማርኛ ብቻ አይደለም ነገሩ። የሐራጅ ማስታወቂያ ገጽን የሒሳብ መምህር ቢያገኘው። ቤቱ ስንት ካሬ ነው፣ መነሻው ስንት ነው፣ ተጫራች የመነሻውን ሩብ በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ያስይዝ ሲባል 4,800,000 ብር ለሚነሣ ቤት ምን ያህል ይዞ ይቅረብ? የታሪክ መምህር ደግሞ ከዚህም የተሻለ አለው። አዲስ ዘመን ግንቦት 30 ቀን 1933 ዓ.ም. መታተም ጀመረ። ንጉሡን አሞገሰ፣ ደርግን አሞገሰ፣ ኢሕአዴግን አሞገሰ። የሦስቱን ዘመን የፊት ገጽ ብቻ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ለጥፎ ዝም ብሎ ቢቀመጥ ትምህርቱ ራሱ ይሄዳል። ፈረንሳዮች በእነሱ አቆጣጠር ከ1990 ጀምሮ በየዓመቱ አንድ ሳምንት ሙሉ ጋዜጣና ሌላውንም ሚዲያ ትምህርት ቤት ያስገባሉ። እኛ በቴሌግራም እንከለክላለን።

መማሪያ መጽሐፉ ይበቃል የሚሉትን አንድ ነገር ልጠይቅ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍልን ፈተና ከወሰዱት የነጥቡን ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። በ2016 ትንሽ ተሻሽሎ 5.4። የወደቁት ልጆች ወደ ክፍል ጋዜጣ ይዘው በመግባታቸው ነው የወደቁት? ሁሉም መማሪያ መጽሐፉን ነው የሸመደዱት። «ታዲያ ጋዜጣ ስላላነበቡ ነው የወደቁት ልትል ነው?» ብትሉኝ፣ አዎ፣ እላለሁ። ሁለት ገጽ ምንባብ አንብቦ ጸሐፊው ምን ሊል እንደፈለገ መናገር ያልለመደ ልጅ የፊዚክሱም ጥያቄ ምን እያለው እንደሆነ አይገባውም።

ጋዜጣ አይገኝም፣ ውድ ነው የሚለውን እንኳ አታንሱብኝ። የዛሬ ማን አለ? የወር፣ የዓመት ያለፈበት ይበልጣል። «ይሆናል» የተባለው ሆነ ወይስ አልሆነም ብሎ ማመሳከር የሚቻለው በአሮጌው ነው። በየቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ ተነጥፎ ይገኛል።

መምህሩ ከዓርብ ጀምሮ ወደ መጽሐፉ እንዲመለስ ተነግሮታል አሉ። ተነግሮታል። ማን እንደነገረው አልጠየቅሁም።

ልጄ ግን ዓርብ ጠዋት ምሳ ዕቃዋን በሁለት ገጽ ጋዜጣ ጠቅልላ ትሄዳለች። ዘበኛው ከጠየቃት የምትለውን ነግሬያታለሁ። መጠቅለያ ነው።