ወለሉን ውሃ አፍስሳችሁ ምረጡት

ከእናቴ ጋር ለአንድ ጉዳይ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድን። ዝናብ ያካፋል። ከበሩ ገብተን ሦስት እርምጃ እንደተራመድን አዳለጣት። ክንዴን ይዛ ስለነበር ግማሽ ክብደቷን እኔ ተሸከምኩ፤ ሌላውን ግማሽ የእጅ አንጓዋ። ስድስት ሳምንት ጄሶ። ጥበቃው እየሮጠ መጣና “አይዞዎት እማማ፣ እዚህ ጋ ሁሌም ሰው ይወድቃል” አላት። ሊያጽናናት ፈልጎ ነው መሰለኝ።

ያቺ “ሁሌም” የምትል ቃል እስካሁን ታናድደኛለች። ሰው ሁሌም የሚወድቅበት ቦታ ከታወቀ፣ ጥፋቱ የጫማም የዕድሜም አይደለም። ወለሉ ፊት የሚያሳይ ጥቁር ግራናይት ነበር። የጣሪያው መብራት ሁሉ ተገልብጦ ይታይበታል። ሕንፃው ሲመረቅ ስንቱ አድንቆት ይሆን! የመረጡት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ያዩት ደርቆ ነው። የእኔ ክርክር ይኼው ነው፤ ብዙ ሰው የሚገባበት ሕንፃ ወለል እርጥብ ሆኖ ካልተፈተነ ተመርጧል አይባልም።

ነገሩ ቀላል ፊዚክስ ነው። ስንራመድ መጀመሪያ ወለሉን የሚነካው የተረከዛችን የኋላ ጠርዝ ነው። ጫማው ወለሉን ቆንጥጦ እንዲይዝ በመሃል ያለው ውሃ መውጣት አለበት። ልሙጥ ወለል ላይ ውሃው መሄጃ ያጣል። ስስ ሆኖ እዚያው ይቀርና ጫማችን በላዩ ይንሳፈፋል። ሻከር ያለ ወለል ላይ ግን ጥቃቅን ጉብታዎች ውሃውን ሰንጥቀው ሶሉን ያገኙታል። ለንጹህ ውሃ 20 ማይክሮን ገደማ የሆነ ሻካራነት ይበቃል። ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ስለሆነ በዓይን አይለይም። ዘይት ወፈር ስለሚል የበለጠ ሻካራ ይፈልጋል። ስለዚህ ለኮሪደር የበቃ ወለል ለማብሰያ ክፍል ላይበቃ ይችላል።

በዓይን ካልተለየ መለኪያ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ሻጩ “አያስቡ፣ አር9 ነው፣ አያዳልጥም” ይላል። 9 ሲባል ከ1 ጀምሮ ተቆጥሮ ከፍ ያለ ይመስላል። የለም። ይህ የጀርመን መለኪያ የሚጀምረው ከ9 ነው፤ የሚያልቀው 13 ላይ። አሠራሩ ደስ ይላል፤ የሥራ ጫማ ያደረገ ሰው ዘይት የተቀባ ወለል ላይ ወዲያ ወዲህ ይራመዳል። ወለሉ ቀስ በቀስ ያዘነብላል። ሰውየው መንሸራተት ሲጀምር ዲግሪው ይመዘገባል። አር9 የሚባለው ከ6 እስከ 10 ዲግሪ የቻለው ነው፤ አር13 ከ35 በላይ። አር9 እንግዲህ ለጥቂት ያለፈ ተማሪ ነው። በባዶ እግር ለሚገባበት ሻወርና መዋኛ ሌላ ፈተና አለ፤ በሳሙና ውሃ ተሞክሮ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ ይሰጠዋል።

እኔ የምወደው ግን ፔንዱለም የሚባለውን መለኪያ ነው። ጫፉ ላይ ጎማ ያለው ክንድ ከላይ ተወዛውዞ ይወርድና ልክ እንደ ተረከዝ ወለሉን ፈትጎ ያልፋል። በእንግሊዝ አገር አሠራር በዚህ ፈተና 36 ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጣ ወለል የማዳለጥ ዕድሉ ዝቅተኛ ነው፤ ከ25 በታች ያመጣው ከፍተኛ። ጥሩነቱ መሣሪያው ተይዞ ሕንፃው ድረስ መሄዱ ነው። ወለሉ ዓመታት ከተረገጠ በኋላም ሊለካ ይችላል። የግዢ ሰነድ ላይ “የማያዳልጥ ወለል” ብሎ ከመጻፍ “በፔንዱለም ሲለካ በእርጥቡ ቢያንስ 36” ብሎ መጻፍ ይሻላል። የመጀመሪያውን ማንም እንደፈለገ ይተረጉመዋል።

“እንግዲያው በጣም ሻካራውን እናንጥፍ” የሚል አይጠፋም። እሱም አያዋጣም። እግራቸውን እየጎተቱ የሚሄዱ አረጋውያንን ያደናቅፋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የሚወለውለውን ሰው ፍዳ ያሳያል። መወልወያው ይያዛል፤ ቆሻሻው ጉድጓዶቹ ውስጥ ይቀራል። ሠራተኛዋ ምን ታድርግ? ሳሙና ትጨምራለች። ሳሙናው በደንብ ሳይለቀቅ ሲቀር እነዚያን በገንዘብ የተገዙ ጥቃቅን ጉብታዎች ይሸፍናቸዋል። ከዚያ በላዩ ላይ ማብረቂያ ሰም ከተቀባበትማ ጉድ ፈላ። ወለል ሲመረጥ አርክቴክቱ አለ፣ ኃላፊው አለ፣ ሻጩ አለ። በየቀኑ እየወለወለች የምታውቀው ሰው ግን ተጠርታ አታውቅም። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠይቀው እሷን ነው።

ውበት ይጎድላል የሚለውንም አልቀበልም። ያው ግራናይት በእሳት ነበልባል ተለብልቦ ሻከር ብሎ ይመጣል፤ ግርማው አይቀንስም። መግቢያው ላይ ደግሞ ሁለቱም እግር ደጋግሞ የሚያርፍበት ረጅም ምንጣፍ ይነጠፍ። በሩ ሥር የምትጣለው ትንሽዬ ጨርቅ ራሷ ትንሸራተታለች። “እርጥብ ወለል” የምትለው ቢጫ ሰሌዳም ዓመቱን ሙሉ አንድ ቦታ ከቆመች የቤት ዕቃ ሆናለች ማለት ነው። ማንም አያያትም።

የዓለም ጤና ድርጅት በዓመት 684,000 ሰው ገደማ በመውደቅ እንደሚሞት ይገምታል። ሁሉም ወለል አዳልጦት አይደለም፤ ግን የሚበዙት ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑት ናቸው። ማለትም እናቴን የመሰሉ።

ባለፈው ለሥራ ጉዳይ ሴራሚክ ልንመርጥ ስንሄድ የውሃ ጠርሙስ ይዤ ገባሁ። ናሙናው ላይ ጠብ ጠብ አደረግኩና ሶሉ ባለቀ ጫማዬ ረገጥኩት። ከፔንዱለም ጋር አይወዳደርም፣ አውቃለሁ። ሻጩም ፊቱን አጨማደደ። ግን ከስድስቱ ናሙና አራቱን ያኔውኑ ተውናቸው።

እናቴ አሁን የትም ሕንፃ ስትገባ በሩ ላይ ቆም ትልና በጫማዋ ጫፍ ወለሉን ትነካካዋለች። ወንዝ ልትሻገር የተዘጋጀች ትመስላለች።