ለየኔታ አንድ ላይክ

እኛ ውለታ አንረሳም። ይህን የሚክድ ካለ የኔታ ባረፉበት ዕለት ማታ ፌስቡክ ይክፈት። እሳቸው ዘንድ ፊደል የቆጠረው፣ ዳዊት የደገመው፣ ቅኔ የተቀኘው ሁሉ ተሰልፎ ያለቅሳል። «የሊቃውንት አባት»፣ «የማይነጥፍ ምንጭ»፣ «ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት»። ይህን ሁሉ በሕይወት ሳሉ ቢሰሙ ደንግጠው ይሞቱ ነበር። እስኪሞቱ መጠበቃችን ከአሳቢነት ነው።

«ሰው ካልሞተ ወይም ካልሄደ አይመሰገንም» ሲባል አባቶች ያማረሩ ይመስለኝ ነበር። ለካ መመሪያ እየሰጡን ነው። እኛ ደግሞ መመሪያ እናከብራለን።

ባነሩን ሳላደንቅ አላልፍም። ለቀብሩ የታተመው ባነር ከየኔታ ጎጆ ይረዝማል። ፎቶ ሲፈለግ ግን ጠፋ። እሳቸውን ለብቻቸው ያነሳ ሰው አልነበረም። በመጨረሻ ከአንድ ተማሪያቸው የምርቃት ፎቶ ላይ ተቆርጠው ወጡ። ትከሻቸው ላይ የማን እንደሆነ ያልታወቀ እጅ ቀርቷል። ከሥር «የመንፈስ ልጆችዎ» ይልና ስማችን ከነማዕረጋችን ይደረደራል። ሊቀ እገሌ፣ መጋቤ እገሌ፣ መልአከ እገሌ። የእሳቸው ማዕረግ «የኔታ» ብቻ ስለሆነ ብዙ ቦታ አልፈጀም።

የአብነት ትምህርት ቤት ላልዋለ አንባቢ ትንሽ ላውጋ። ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ይማራል። የመንደሩ ውሻ ሁሉ ያውቀዋል። ድጓ የተባለው ዜማ ሲያምረው የጋይንቷ ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት የተባለው ዜማ ሲያምረው ዙር አምባ፣ ቅኔ ሲያምረው ዋሸራ፤ በእግሩ አገር ያቋርጣል። ለትምህርቱ የሚከፍለው ነገር የለም። መምህሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው መደብ ላይ ይቀመጣሉ። አንዱን እያረሙ በሌላው ጆሯቸው የሌላኛውን ግድፈት ይይዛሉ። ዓይናቸው የማያይ፣ መጽሐፉን በቃላቸው ይዘው የሚያርሙም አሉ። ቅኔ ቤት የገባው ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነስቶ ስምንት ቤቱ መወድስ እስኪደርስ ስንቴ ተቀኝቶ ስንቴ ታርሟል! ከፍ ያለው ተማሪ ለታናሹ ያስቀጽላል፤ እየመራ ያስጠናል ማለት ነው። ያስመሰከረው ደግሞ በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። የምስጋናው ወግ ይኸው ነበር።

እንዴት ያለ ኋላ ቀር አሠራር ነው! ለአንድ ልጅ ይህን ያህል ዓመት? የዛሬው ደቀ መዝሙር በወንበሩ ፈንታ ትሪፖድ ይተክላል። የኔታ ዓመታት የደከሙበትን በሦስት ደቂቃ ይጨርሰዋል። የኔታ ሲሉ የሰማውን ሁሉ «እኔ እንደማስበው» ብሎ ይጀምርልናል። ጥግ ላይ ደግሞ «ያለ ፈቃድ መቅዳት በሕግ ያስጠይቃል» የሚል ጽሑፍ አለ። ወንጌል «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» እንደሚል እናውቃለን። ነገር ግን ያኔ ሰብስክራይብ አልነበረም። ሐዋርያትም ለካሜራና ለመብራት አላወጡም።

እኛ አድማጮችስ ብንሆን መች እናንሳለን? ስብከቱ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ «ቃለ ሕይወት ያሰማልን» የሚለው ኮሜንታችን ግን በአሥረኛው ሴኮንድ ደርሷል። ሳይሰሙ መመረቅ ትልቅ እምነት ይጠይቃል። የተቀበልነውን ለሌላ ማድረስ ላይማ አንታማም። «ይህን መልእክት ለ10 ሰው ያላከ በረከት ያልፈዋል» ሲል ቴሌግራም፣ ታክሲ ውስጥ ተጣበን እንኳ በአንድ ጣት እንልካለን። ሳናነበው፣ በትኩሱ። የኔታ አንድ መምህር ለማውጣት ስንት ክረምት ፈጀባቸው? እኛ ቦሌ ሳንደርስ አሥር ሰው እናስተምራለን።

በዚህ ረገድ መንግሥቱ ለማ ያሳዝነኛል። አባቱን አለቃ ለማ ኃይሉን፣ ያን የቅኔ ሊቅ፣ በሕይወት ሳሉ ቁጭ ብሎ አናግሮ፣ ትዝታቸውን መዝግቦ መጽሐፍ አደረገው። ተማሪ ሳሉ የዋሉበትን፣ የሰሙትን፣ የሳቁበትን ሁሉ። ምን አደከመው? አንድ ሰልፊ ተነስቶ «ከሊቁ አባቴ ጋር» ብሎ ቢለጥፍ ይበቃው ነበር።

ስለ ኑሯቸውም ቢሆን ጨዋነታችን ወደር የለውም። ጥንት መምህራኑ ከቤተ ክርስቲያን መሬት በሚገኘው ይተዳደሩ ነበር። የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ያን ወሰደው። ከዚያ ወዲህ ብዙው የኔታ በትንሽ ደመወዝና በመንደሩ ቸርነት ነው የሚኖረው። እኛ ግን «እንዴት ይኖራሉ?» ብለን ጠይቀን አናሳፍራቸውም። ለመንፈሳዊ አባት የገንዘብ ወሬ ማንሳት ነውር ነው። ይልቅ ዋሽንግተን ያለው ልጃቸው በየበዓሉ ይደውላል። «የኔታ፣ ወረቀቴ ሊያልቅ ነው፣ በጸሎት አስቡኝ» ይላል። እሳቸው መርቀው ሳይጨርሱ መስመሩ ይቋረጣል። ካርድ ያልቅበታል መሰለኝ።

ባለፈው ክረምት የጉባኤ ቤቱ ክዳን አፈሰሰ። የኔታ «ሣሩ ይቀየርልን» ብለው ሰው ልከው ነበር። ጉዳዩ ግሩፓችን ላይ ቀረበ። ሁላችንም የተጣመሩ እጆች ምልክት ለጠፍን። አንዱ «ልብ ይነካል» አለ። ሌላው ለጥምቀት የሚለበሰው ቲሸርት ምን ዓይነት ይሁን የሚል አጀንዳ አመጣ፤ ውይይቱ በዚያው ሞቀ።

ካረፉ ወዲህ ግን ማን ይቻለን! የሐውልት ኮሚቴው በሳምንቱ ተቋቋመ። ገንዘቡም ወዲያው ሞላ። እብነ በረድ፣ ዙሪያውን የብረት አጥር፣ ከላይ ደግሞ ዝናብ እንዳይነካቸው አዲስ ቆርቆሮ። አሁን ዶፍ ሲጥል ተማሪዎቹ የሚያፈሰውን ጎጆ ትተው እዚያ ሥር ገብተው ይቀጽላሉ። ኮሚቴው ይህንንም «ለአብነት ተማሪዎች የተደረገ ድጋፍ» ብሎ በሪፖርቱ አስገብቶታል። ያልተቋጨው እብነ በረዱ ላይ ከአዋጪዎቹ የማን ስም ይቅደም የሚለው ብቻ ነው።