ጉባሩ (የአቧራ ማዕበሉ) አፈር ነው ወይስ ኬሚካል? (ክርክር)

መነሻው "የአቧራ ማዕበል ማለት በአየር የተበተነ መርዝ ነው" የሚል አባባል ነው። አንዱ ተከራካሪ ጂኦሎጂ የተማረ ነው፣ ሌላዋ ሪያድ ሰው ቤት ስትሠራ ኖራ አሁን ላብራቶሪ የምትሠራ።

እሱ፦ እኔ አፈር ነው ባይ ነኝ። ማዕበሉ የሚያመጣው ኳርትዝ፣ ፌልድስፓር፣ የሸክላ ማዕድንና ቀይ ቢጫ ቀለም የሚሰጠው የብረት ኦክሳይድ ነው፣ በቃ መሬቷ ራሷ ተፈጭታ ነው። የአረብ አገሩ ከሰሃራው የሚለየው ካልሲየም ካርቦኔት ስለሚበዛበት ነው፣ ኖራ ድንጋይ በሉት፣ አካባቢው ድሮ ባህር ነበራ። ያላመነ ከመስኮቱ ጠርጎ አቼቶ ጠብ ያድርግበት፣ ቸስ ብሎ አረፋ ይደፍቃል። እንደውም ይሄ ኖራ መኪናና ፋብሪካ የሚተፉትን አሲድ ያከሽፋል። አንድ የብረት ዓይነት ከአፈር ይምጣ ከፋብሪካ ለመለየት ደግሞ ቀላል መንገድ አለ፣ ከአሉሚኒየም ጋር ያለው ሬሾ በመሬት ቅርፊት ላለው ሬሾ ይካፈላል፣ ውጤቱ ወደ 1 ከተጠጋ አፈር ነው፣ ከ10 ካለፈ ሌላ ምንጭ አለው ማለት ነው። በማዕበል ቀን እነ ብረት፣ ማንጋኒዝ፣ ታይታኒየም ወደ 1 ነው የሚጠጉት። አለቀ።

እሷ፦ ኧረ አላለቀም ወንድሜ። ማርች 10 2009 ሪያድ ነበርኩ፣ ጉባሩ እንደ ግድግዳ ቆሞ መጣና ቀኑ ጨለመ፣ ማዳም በሩን ሁሉ በእርጥብ ፎጣ ድፈኚው አለችኝ፣ ከዛ በኋላ ሳምንት ሙሉ ጠራጊዋ እኔው። አሁን ያንተን ሬሾ ልመልስልህ። ሬሾው 1 ነው ማለት ንጹህ ነው ማለት አይደለም፣ አየሩ ላይ ያለው አፈር መቶ እጥፍ ሲሆን አፈሩ ውስጥ ያለው ክሮሚየምና ኒኬልም አብሮ መቶ እጥፍ ነው፣ ሳንባዬ ደግሞ ፐርሰንት አይቆጥርም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 መመሪያው ከ10 ማይክሮን (ማይክሮን የሚሊሜትር ሺኛ ነው) በታች የሆነው ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ ከ45 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ እንዳያልፍ ይላል፣ ከባድ ማዕበል ላይ ግን በሺ ነው የሚቆጠረው። ኖራው አሲድ ያከሽፋል ያልከውስ፣ አክሽፎ ምን ይሆናል? ናይትሪክ አሲድ ሲያገኘው ካልሲየም ናይትሬት ይሆናል፣ እሱ ውሃ የሚስብ ጨው ስለሆነ ደረቁ ቅንጣት ላዩ ይረጥባል፣ ሰልፈሪክ ሲያገኘው ጂፕሰም (ጀሶ) ይሆናል። ከበረሃ የተነሳውና ከተማ የገባው አንድ ዕቃ አይደለም። ኳርትዙንም እንደ ቀላል ጠራኸው፣ በሥራ ቦታ ወደ ሳንባ የሚገባውን ደቃቅ ክሪስታል ሲሊካ (ኳርትዝ አንዱ ነው) የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ1997 ካንሰር አምጪ ብሎ አንደኛ ምድብ ውስጥ ከቶታል።

እሱ፦ "በሥራ ቦታ" የምትለዋን ራስሽ ጻፍሻት እኮ! እሱ ድንጋይ ለሚፈልጥና ዋሻ ለሚቆፍር ነው፣ አሁን የተሰበረ ስል ኳርትዝ ዓመታት ለሚተነፍስ። የበረሃው ያረጀ ነው፣ ብዙ ጊዜም ላዩ በሸክላ ማዕድን የተለበጠ ነው። የአሜሪካ ጦር በ2006 እና 2007 ከኢራቅና ኩዌት ጀምሮ እስከ ጎረቤታችን ጅቡቲ 15 ቦታ ላይ ናሙና ሰብስቦ ነበር፣ የተገኘው በአብዛኛው ይሄው የምልሽ ማዕድን ነው፣ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ከፍ ብሎ የታየው ባግዳድ አካባቢ ሲሆን እሱም የተያያዘው ከማቅለጫና ከባትሪ ፋብሪካ ጋር ነው። በረሃው ምን አጠፋ? አንድ ነገር ግን አምናለሁ፣ የደረቀ ሐይቅ ሌላ ጉዳይ ነው። ካሊፎርኒያ ኦወንስ ሐይቅ፣ ሎስ አንጀለስ ከ1913 ጀምሮ ወንዙን ጠልፋ ያደረቀችው፣ አቧራው አርሰኒክ የሚባል መርዝ አለበት። የመካከለኛው እስያው አራል ሐይቅም እንደዛው፣ ጨውና የጥጥ እርሻ ፀረ ተባይ።

እሷ፦ ስለዚህ "አፈር ብቻ" የሚባል ነገር እንደሌለ ራስህ መሰከርክ።

እሱ፦ አልመሰከርኩም! ቦታው ይለያል ነው ያልኩት። ሪያድ ዙሪያ የደረቀ ሐይቅ አሳዪኝ።

እሷ፦ ሐይቁን ተወው። በረሃው ምን አጠፋ አይደል ያልከው? እኔ በረሃውን አልከሰስኩም፣ የምተነፍሰውን ነው የጠየቅኩት፣ በረሃ ላይ አይደለም የኖርኩት። እስቲ ይቺን መልስልኝ። ከማዕበሉ በኋላ የኤሲውን ፊልተር ሳጥብ መጀመሪያ የወረደው ውሃ ቢጫ ነበር፣ እንደጠበቅኩት። ከስር ግን ጥቁር ቅባት ነገር ተጣብቆ በሳሙና ካልታሸ አልለቅ አለ። ያ ከየትኛው ድንጋይ ነው?

እሱ፦ ሃሃ እሱማ የናፍጣ ጥላሸት ነው፣ የበረሃ አይደለም። ምናልባትም ከማዕበሉ በፊት የተጠራቀመ።

እሷ፦ እኮ፣ ቢጫው ሲመጣ ጥቁሩ ቦታ ለቀቀለት? አንድ ፊልተር ላይ ነው ያገኘኋቸው።