ይድረስ ለክቡር ክብ ማህተም፣ ባሉበት መሳቢያ

ጉዳዩ፦ በደንበኛዬ ፊት ስላዋረዱኝ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? የምጠይቀው ለወጉ ያህል አይደለም። ባለፈው ሳይዎት ቀለምዎ በረካ ቡና መስሎ ነበር። ደነገጥኩ። እርስዎ ሲታመሙ ሥራ የሚፈታው ከተማ ሙሉ ሰው ነዋ።

እኔ እዚሁ ሐዋሳ የምሠራ ጠበቃ ነኝ። ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ፋይል በብብቱ ሸጉጦ፣ ክራቫቱን አላልቶ ኮሪደር ላይ የሚቆመውን ሁሉ ማን ያስታውሳል? ደንበኛዬን ግን እንዲያስታውሱልኝ እፈልጋለሁ።

አንዲት እናት ናቸው። የሚኖሩት አለታ ወንዶ ነው። ክርክራቸው ግን ሐዋሳ ባለ ቤት ላይ ነው። ባላቸው ካረፉ በኋላ "ቤቱ የእኔ ነው" የሚል ሰው ብቅ አለ። ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ የሚያሳየው ፋይል አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። እንዲህ ሲሆን መንገዱ ይታወቃል። በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 145 መሠረት ታመለክታለህ፣ ፍርድ ቤቱ ማስረጃው ይቅረብ ብሎ ያዛል። አመለከትኩ። ታዘዘ። ደብዳቤው ተጻፈ፣ ተፈረመ፣ ቁጥር ወጣለት፣ እርስዎም አረፉበት። እማማን ይዤ በባጃጅ ከነፍኩ።

መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ደብዳቤውን አላነበበችውም። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው።

"ጋሼ፣ ማህተሙ አይታይም።"

"ይታያል እኮ። ይኸው።"

"ግማሹ ነው የሚታየው።"

ግማሽም ቢሆን የፍርድ ቤት ግማሽ ነው ልላት አማረኝ። ዋጥኩት። መስኮት ላይ የሚናገር ጠበቃ መጨረሻው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ፋይሉ ከሥር ይገባል።

ወደ መዝገብ ቤት ተመለስን። እዚያ ያለው ልጅ ጨዋ ነው። አልተከራከረም። እርስዎን አንስቶ ስታምፕ ፓዱ ላይ ደጋግሞ ጠቀጠቀዎት። ፓዱ ደርቋል። አፉን አስጠግቶ "ሃ" አለብዎት። ከዚያ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በሙሉ ክንዱ ተጫነዎት። ከፈዛዛው ክብ አጠገብ ደማቅ ክብ ወጣ። ደስ አለን። እማማ ሳይቀሩ "ተመስገን" አሉ።

መስኮቱ ጋ ስንመለስ ልጅቷ ወረቀቱን አሁንም ወደ ብርሃኑ አነሳችው።

"ለምን ሁለት ሆነ?"

"የመጀመሪያው አይታይም ብለሽኝ ነዋ።"

"አይ ጋሼ፣ ይሄ ተነካክቷል። ስርዝ ድልዝ ያለበት አንቀበልም።"

ክቡር ሆይ፣ ሲያንሱም ጥፋቱ የእኔ ነው፣ ሲበዙም የእኔ።

ደብዳቤው እንደ አዲስ ተጻፈ። እሱን አሳጥራለሁ፣ ሁላችሁም ታውቁታላችሁና። ተቀበሉን። መልሱ ተዘጋጀ። ኃላፊው ፈረሙ። የቀሩት እርስዎ ብቻ ነበሩ። እርስዎ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ነዎት። መሳቢያው ተቆልፏል። ቁልፉን የያዘችው ሠራተኛ ይርጋለም ለቅሶ ሄዳለች። ቁልፉ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፣ ቦርሳዋ አብሯት ነው። እግዜር ያጽናት፤ ለቅሶ መድረስ ወግ ነው፣ በእሷ አልፈርድም። የገረመኝ ሌላ ነው። ኃላፊው አሉ። ፊርማቸው ሳይደርቅ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለዋል። ወረቀቱን የጻፉት፣ ያነበቡት፣ እውነት ነው ብለው የፈረሙት እሳቸው ናቸው። ግን እሳቸው አይበቁም። መሳቢያ ውስጥ ያለ ጎማ ከእሳቸው በላይ ይታመናል።

የቀጠሮው ቀን ደረሰ። መልሱም እንደምንም ለፍርድ ቤቱ ደርሷል። ችሎት ገባን። ዳኛዋ ወረቀቱን ገለጡ። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ ተነሳ። ወዳጄ ነው፣ አሞራ ገደል አብረን ዓሣ የበላን ሰው ነው።

"ክቡር ፍርድ ቤት፣ የቀረበው ሰነድ ፊርማ እንጂ የፈራሚውን ስምና ኃላፊነት የሚያሳይ ቲተር የለውም። ማህተሙም ፊርማው ላይ አላረፈም፣ ወደ ጎን ሸሽቷል። ማን እንደፈረመው አይታወቅም።"

እውነት ነው፣ ሸሽተዋል። ወደ ግራ፣ ሁለት ጣት ያህል። ምን ነክቶዎት ነው? ፊርማውን ፈርተው ነው?

ቤቱ በማን ስም እንደተመዘገበ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ተጽፏል። እሱን ማንም አላነሳም። "በድጋሚ ተጣርቶ ይቅረብ" ተባለና ሌላ ቀጠሮ ተሰጠ። ወጣን። ኮሪደሩ ላይ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "የኔ ልጅ፣ ምን አጥፍተን ነው?" አሉኝ። ምንም እንዳላጠፋን ነገርኳቸው። አላመኑኝም። የእህታቸው ልጅ አብሯቸው መጥቶ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ግን እኔ እንድሰማው አድርጎ፣ "ሌላ ጠበቃ ብንይዝ አይሻልም?" አላቸው። እማማ ዝም አሉ። ትንሽ ቆይተው ግን የባሰውን ጠየቁኝ። "ገንዘብ ፈልገው ይሆን እንዴ?"

ስማ እንግዲህ አንተ ጎማ። እኚህ ሴት ለአንድ ቀጠሮ ሌሊት ተነስተው፣ መናኸሪያ ተጋፍተው፣ ከጎረቤት ተበድረው ነው የሚመጡት። ልጆቻቸውን ያሳደጉበት ቤት ነው። ማንም ጉቦ አልጠየቃቸውም። አንተ ግን ሳትጠይቅ እንዲያስቡት አደረግሃቸው። ሰው በፍርድ ቤት ላይ ያለውን እምነት የሚያጣው ሁልጊዜ በመጥፎ ፍርድ አይደለም። በደረቀ ስታምፕ ፓድም ያጣዋል። ይህን የምታደርገው ደግሞ ምንም ሳትሠራ፣ ተኝተህ ነው።

ይቅርታ። እርስዎ ለማለት ነው።

እስቲ ወደ ሕጉ እንመለስ። ሕጉ ሲሄድ እርስዎ ቀርተዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ፣ በጽሑፍ መሆን ያለበትን ውል በቁጥር 1727 ሲያነሳ፣ የተዋዋዮቹን ፊርማ ይላል፣ ሁለት ምስክሮች ይላል። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አገሩ ተለውጧል። በ2010 የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072 ወጣ። በ2012 የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ተከተለ። ሁለቱም በአጭሩ የሚሉት፣ አንድ ሰነድ ወይም ፊርማ ኤሌክትሮኒክ ስለሆነ ብቻ ሕጋዊ ውጤት አይነፈገውም ነው። ብቻ የምትለዋን ቃል ያስምሩባት። እርስዎ ስለሌሉበት ብቻ ውድቅ የሚሆን ወረቀት ስንት እንዳለ ግን እርስዎም እኔም እናውቃለን።

ውልና ማስረጃ ያለዎትን ቦታ አልነካም። አዋጅ ቁጥር 922/2008 ባለበት፣ ሰነድ አረጋጋጩ የፈራሚውን ማንነትና ችሎታ አይቶ፣ ከፊቱ አስፈርሞ ካተመ፣ የእርስዎ ማረፍ ትርጉም አለው። ከኋላዎ ሥራ አለ። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ቢሮ በሚሄድ ተራ ደብዳቤ ላይ ግን ከኋላዎ ያለው መሳቢያ ብቻ ነው።

ደግሞ እንተማመን። እርስዎን ማስቀረጽ ምን ያህል ከባድ ነው? ፖሊስ ሐሰተኛ ማህተም ያዝኩ ሲል በዜና የምንሰማው ስንት ጊዜ ነው? ተቀርጸው፣ ተደርድረው፣ የየመሥሪያ ቤቱ ስም ዙሪያቸውን ተጽፎባቸው። አጭበርባሪው ስታምፕ ፓዱ አይደርቅበትም። የእሱ ማህተም ሁሌ ደማቅ ነው፣ ሁሌ ፊርማው ላይ ያርፋል። ልጅቷ ወደ ብርሃኑ ብታነሳው በደስታ ትቀበለው ነበር።

"እንግዲያው የከለከላችሁበትን ምክንያት በጽሑፍ ስጡኝ" ብዬም ነበር። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ትዝ ብሎኝ ነው። የአስተዳደር ውሳኔ ምክንያት ይኑረው የሚል አዋጅ ነው። የፌዴራል ተቋማትን እንጂ እንደ ሐዋሳ ያለ የክልል ከተማ መሥሪያ ቤትን እንደማይገዛ አውቃለሁ፣ ሐሳቡ ግን ጥሩ ሐሳብ ነው። ልጅቷ ቅን ናት፤ እውነቱን ነገረችኝ። "ጋሼ፣ በጽሑፍ ለመስጠት ማህተም ያስፈልጋል።"

የቆየውን ቂም ላስረዝም አልፈልግም። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቶ ፋይዳ ያዝን፤ "ኮፒ አድርጋችሁ፣ ማህተም አስመትታችሁ አምጡ" ተባልን። አንዴ ደግሞ አዲስ አበባ ካለ ችሎት ጋር በፕላዝማ ስንከራከር "ዋናው ሰነድ ይታይ" ተባለና ወረቀቱን ካሜራው ላይ ለጠፍኩት፤ ከ270 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ ሆነው የፈለጉት እርስዎን ነበር። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ጠበቆች ተሰባስበን የጥብቅና ድርጅት እንድናቋቁም ሲፈቅድ ደግሞ፣ ወዳጆቼ ተሰብስበው መጀመሪያ የተጨቃጨቁት በድርሻ አይደለም፣ በማህተሙ ቅርጽ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ለሙያ ባልደረቦቼ አንድ ሁለት ነገር ልበል፣ እርስዎ ጆሮዎን ይድፈኑ። ደብዳቤ ስትቀበሉ መስኮቱን ሳትለቁ እዩት፦ ቀን፣ ወጪ ቁጥር፣ ፊርማ፣ ቲተር፣ ማህተም። በ145 ስታመለክቱ መልሱ የሰጪውን ስምና ኃላፊነት እንዲገልጽ ትእዛዙ ውስጥ እንዲገባ ጠይቁ። ያስገባችሁትን ሁሉ በራሳችሁ ቅጂ ላይ "ገቢ" አስብሉ። ሰነዱ የቅርጽ ተቃውሞ ከተነሳበት ደግሞ አዲስ ወረቀት ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት፣ የፈረመው ሰው ራሱ ቀርቦ ወይም በደብዳቤ እንዲያረጋግጥ አመልክቱ። የፈረመውማ አለ፣ ቢሮው ቁጭ ብሏል።

ውክልና ስታስጽፉ ደግሞ የፍትሐ ብሔር ሕጉን ቁጥር 2205 ፊታችሁ አስቀምጡ። ክስ መመሥረት፣ ለክስ መከላከል፣ መታረቅ፣ ለግልግል ዳኝነት መስማማት፣ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥና ማስያዝ ልዩ ሥልጣን ይፈልጋሉ። "ማንኛውንም ጉዳይ" የሚለው ቃል ያምራል፣ ግን አይበቃም። በተለይ እርቁን። አሁን ፍርድ ቤቶች ወደ አስማሚ እየላኩን ነው፤ እዚያ ደርሶ "የመታረቅ ሥልጣን የለህም" ከመባል ይሰውራችሁ።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ የምጠይቀው ዳኝነት የሚከተለው ነው። ስታምፕ ፓዱ ቀለም እንዲጠጣ፤ የመሳቢያው ቁልፍ ሁለት እንዲሆንና አንዱ ለቅሶ እንዳይሄድ፤ ቲተር ለፈራሚው ሁሉ እንዲቀረጽለት፤ እርስዎም የፈረመ ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ባለበት ቦታ ሁሉ ዝም ብለው እንዲያልፉ ትእዛዝ ይሰጥልኝ። ደንበኛዬ "ገንዘብ ፈልገው ይሆን እንዴ" ላሉት ጥያቄ እርስዎ ራስዎ በአካል ቀርበው መልስ ይስጡ። ከአለታ ወንዶ የመጡበትን ትራንስፖርትና የባጃጁን ጨምሮ ወጪና ኪሳራ የመጠየቅ መብታችን ይጠበቅልን። ደረሰኝ አላያያዝንም፤ ባጃጅ ነጂው ማህተም የለውም።

አቤቱታው በእውነት የቀረበ መሆኑን በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት አረጋግጣለሁ።